ፎርማት ያደረግኩት ፍላሽ

ሰላም የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ የ2010 የ11ኛ ክፍል ልጆች። የዛሬው ረዘም ይላል። "ቲቸር እንደ ክፍሉ እዚህም ማሳጠር አይችልም" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ይሄኛውን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ውስጡ ይቅርታ አለበት።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ የአይሲቲ መምህር ነኝ። በዲፕሎማ ነው ሥራ የጀመርኩት፤ ዲግሪውን "በሚቀጥለው ክረምት" እያልኩ ይኸው ሰላሳውን አለፍኩት። ተወልጄ ያደግኩት ዘነበወርቅ ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ።

2010 ዓ.ም ሮፍናን ኑሪ "ነፀብራቅ"ን ያወጣበት ዓመት ነው። ታክሲ ውስጥ እሱ፣ ሱቅ በር ላይ እሱ፣ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ በየስልኩ እሱ። ከዲጄነት ተነስቶ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ሠርቶ፣ የሀገር ቤት ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ጋር አዋህዶ የመጣ ልጅ ነው። ልጆቹ አብደው ነበር። እኔ ግን "ይሄ የማሽን ጩኸት" እያልኩ አልፈው ነበር። ያኔ ገና ሰላሳ አልሞላኝም፤ ንግግሬ ግን የሽማግሌ ነበር።

አንድ ቀን ላብ ውስጥ ስዞር ከኋላ ረድፍ አንድ ተማሪ ስክሪኑን ሊሸፍንብኝ ሞከረ። ስሙን አልጠቅስም፤ የክፍሉ ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ኤፍኤል ስቱዲዮ ጭኗል፤ በፊት ፍሩቲ ሉፕስ የሚባለውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ። ፍላሹ ተሰክቷል። ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ካሬዎች ተደርድረዋል።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሙዚቃ እየሠራሁ ነው ቲቸር።"

"ምን ልትሆን?"

"ዲጄ።"

ክፍሉ ሳቀ። መጀመሪያ የሳቅኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሳታለሁ፤ "ዲጄ ሙያ አይደለም። የሰው ዘፈን መክፈት ሙያ ከሆነ የታክሲ ሹፌር ሁሉ አርቲስት ነው።" እንደገና ተሳቀ። በሳቁ ሞቅ አለኝ መሰለኝ፣ ፍላሹን ነቅዬ ፊት ለፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። "የላቡን ኮምፒውተር በቫይረስ የሚሞሉት እንዲህ ያሉ ፍላሾች ናቸው። ፎርማት እንዴት እንደሚደረግ ዛሬ በተግባር እናያለን" አልኩ። አደረግኩት። ሙሉ በሙሉ። ከዚያ ፍላሹን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ልጁ አልተናደደም፣ አልተሳደበም። አረንጓዴው መስመር እየሞላ ሲሄድ ዝም ብሎ ስክሪኑን ያይ ነበር። እኔ ክፍለ ጊዜው በደንብ እንዳለፈ ቆጥሬ ወደ ሻይ ቤት ሄድኩ።

ባለፈው ጥር የጎረቤታችን ልጅ መልስ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል። ሙዚቃው ግን ደስ ይላል። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላው እንደተጀመረ አይታወቅም፤ ትልልቆቹ የሚወዱት ይመጣል፣ ወዲያው ልጆቹ የሚወዱት ይከተላል፣ ከመሀል ቁጭ ያለ ሰው የለም። ማነው ይሄ ብዬ ወደ ስፒከሩ ጠጋ ስል አንድ ጎረምሳ ኤርፎኑን ካንገቱ አውርዶ ጎንበስ አለ።

"ቲቸር! እንዴት ከረሙ?"

እሱ ነው። አሁንም አንቱ ይለኛል። ወንበር አስመጣልኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ። ትንሽ አወራን። ለማለት ያህል "የራስህንስ ሙዚቃ ትሠራለህ?" አልኩት።

"አይ፣ የሰው ነው የምከፍተው። እርስዎ እንዳሉት።"

በክፋት አላለውም። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ለስላሳው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። "ያኔ ፍላሹ ላይ ምን ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልጠየቅኩትን።

ድምፁን ትንሽ ቀነስ አደረገው። "የእማማ ጭብጨባ" አለኝ።

አያቱን አውቃቸዋለሁ። ልጅ ሆነው ከጎጃም ለሕክምና አለርት መጥተው ዳኑ፤ ግን ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ የቀሩ እናት ናቸው። ልጁን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን ወስዶባቸዋል።

"እማማ ስታጨበጭብ እንደኛ ጧ አይልም" አለኝ። "ድው ነው የሚለው፤ እንደ ከበሮ። እየዘፈነች ስታጨበጭብ በስልክ ቀድቼ፣ እሱን ምት አድርጌ ከላይ ድምጿን አስገብቼበት ነበር። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።"

"ሌላ ቅጂ የለህም?"

"ስልኩ ተሰረቀ። እማማ ደግሞ በ2012 አረፈች።"

ከዚያ ዘፈኑ ሊያልቅ ስለነበር ወደ ሥራው ዞረ።

ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አምስት ሰዓት ገደማ በቴሌግራም አንድ ሊንክ ላከልኝ። "ቲቸር ጊዜ ካለዎት ይሄን ሰውዬ ያንብቡለት። ዲጄ ነው።" ከሥር የሳቅ ምልክት አለው። ስሙ ፍራንኪ ነክልስ ይላል። ያን ሌሊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ሌሊት ስለዚህ ሰው አነበብኩ፤ ሙዚቃውንም ሰማሁ። ትንሽ ላስተምራችሁ፤ ልማድ ነው።

ፍራንኪ እ.ኤ.አ በ1955 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ተወለደ። የመታወቂያ ስሙ ፍራንሲስ ኒኮልስ ነው፤ ነክልስ የመድረክ ስሙ ነው። ትርጉሙ የጣት አንጓ ማለት ነው። በ1977 ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል አዲስ ጭፈራ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የተጠየቀው ጓደኛው ላሪ ሌቫን ነበር፤ እሱ ከኒውዮርክ አልወጣም ሲል ፍራንኪ ሄደ። ቤቱ ጄፈርሰን በሚባል መንገድ ላይ ያለ፣ ቀድሞ ፋብሪካ የነበረ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። እዚያ የሚሰበሰቡት በብዛት ጥቁርና የላቲን ዘር ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆናቸው ከቤታቸውም ከእምነት ቤታቸውም የተገፉ ነበሩ፤ ፍራንኪም አንዱ ነው። ኮሜንት ላይ ምን ሊጻፍ እንደሚችል ይገባኛል። ግን የሰው ታሪክ ስናገር የማይመቸኝን ቆርጬ አልጥልም፤ አንዴ ቆርጬ ጥዬ ያመጣሁትን አይቻለሁ። እሱ ያንን ቤት ከጸጋ ለወደቁ ልጆች እንደተሠራ ቤተክርስቲያን ነበር የሚያየው።

"የሰው ዘፈን መክፈት" ብዬ የለ? ፍራንኪ በእርግጥ የሰው ዘፈን ነው የሚከፍተው። ግን ዘፈኑ አጭር ይሆንበታል። ጨፋሪው ገና መሞቅ ሲጀምር ያልቃል። ስለዚህ ዘፈኑን ወደ ትልቁ ቴፕ ይቀዱታል፣ ቴፑን ይቆርጡታል፣ የከበሮው ቦታ እንዲረዝም አድርገው መልሰው ይለጥፉታል። ዛሬ እኛ ኮፒ፣ ፔስት የምንለውን በምላጭና በፕላስተር ማለት ነው። በኋላ ምት የሚሠራ ማሽን ገዛ፤ ሮላንድ ቲአር 909 የሚባል። ከዴትሮይቱ ዴሪክ ሜይ ነው የገዛው ይባላል። በሸክላው ሥር የማሽኑን ምት እየጨመረ፣ በደቂቃ 120 ገደማ፣ ሳይዛነፍ፣ ልክ የልብ ትርታ በሩጫ ላይ ሆኖ እንደሚመታው። በላዩ ጭብጨባ። አዎ፣ ማሽኑ ላይ አንዱ ቁልፍ የጭብጨባ ድምፅ ነው። ሰዎች ሸክላ ቤት እየሄዱ "ዌርሃውስ ውስጥ የሚከፈተውን ስጡን" ማለት ጀመሩ፤ ስሙ አጥሮ "ሃውስ" ሆነ። ዛሬ ዓለም ሃውስ ሙዚቃ የሚለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ፋብሪካ ነው ይባላል።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 1979፣ በፈረንጆቹ በ12ኛው ቀን፣ እዚያው ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ነበር። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ዲስኮ ሙዚቃን ስለሚጠላ ዘመቻ ጠራ፤ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ በ98 ሳንቲም ይገባል። በሁለቱ ጨዋታዎች መሀል የተሰበሰበው ሸክላ ሜዳው ላይ ተደርጎ በፈንጂ ተበተነ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሜዳውን ወረረ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። ቪንስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ወጣት በዚያ ቀን ስታዲየሙ ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ሰዎቹ ካመጡት ውስጥ ዲስኮ ያልሆኑ፣ ጥቁሮች የዘፈኗቸው ሸክላዎችም እንደነበሩ በኋላ ተናግሯል።

እዚህ ጋ ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩ። አረንጓዴው መስመር ትዝ አለኝ። የክፍሉ ሳቅም።

የቺካጎው ታሪክ ግን እዚያ አላቆመም። ያ አስተናጋጅ፣ ቪንስ ሎውረንስ፣ በ1984 ከጄሲ ሳንደርስ ጋር ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ የሃውስ ሸክላዎች አንዱን ሠራ። ፍራንኪ ደግሞ ከዌርሃውስ ወጥቶ ፓወር ፕላንት የሚባል የራሱን ቤት ከፈተ። ሃውስ የዲስኮ በቀል ነው ይል ነበር። በኋላ ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ እነ ማይክል ጃክሰንና ዳያና ሮስ ዘፈናቸውን እንደገና እንዲሠራላቸው የሚሰጡት ሰው ሆነ። በ1998 ግራሚ ለሪሚክስ ሠሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲያዘጋጅ የወሰደው እሱ ነው። በ2004 ቺካጎ ያንን የዌርሃውስ መንገድ በክብር በስሙ ጠራችው፤ ያኔ የኢሊኖይ ሴናተር የነበረው ባራክ ኦባማ ከደገፉት አንዱ ነው። ሕንፃው ራሱ በ2023 በከተማው ቅርስነት ተመዘገበ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለዘነበወርቅ ልጅ በተለይ። ፍራንኪ የስኳር ሕመም ነበረበት። እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ተመረዘ፤ እረፍት ወስደህ ታከም ሲባል ሥራዬን አላቆምም አለ። በ2008 እግሩ ተቆረጠ። ከዚያም ተመልሶ ማሽኑ ጀርባ ቆመ። በ2014 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ያጫውት ነበር።

እግር ስለመቆረጥ ለእኛ ሰፈር ሰው መንገር አያስፈልግም። አለርት በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሰልጠኛ ማዕከል ሆኖ ከመቋቋሙ በፊትም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ነበር፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሰው ትከሻ መጥተው የዳኑ ሰዎች አገራቸው መልሶ አልቀበል ሲላቸው ሆስፒታሉን ተጠግተው ጎጆ ቀለሱ፤ ወለዱ፣ ዳሩ። እኛ የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። እኔ ራሴ ኮሌጅ ሳለሁ "የት ነህ?" ስባል "አየር ጤና አካባቢ" ነበር የምለው። አንድ ጊዜ ልጅቷ ስታውቅ ከዚያ ቀን በኋላ እጄን አልጨበጠችኝም። አባቴ የለበሰው የአለርት ጫማ ነበር፤ እዚያው ወርክሾፕ ለእግሩ ተለክቶ የተሠራለት።

ይሄን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ። መገፋት ምን እንደሆነ መጽሐፍ ሳላነብ የማውቅ። እኔው ነኝ የዚያን ልጅ አያት እጅ ፎርማት ያደረግኩት።

ሙዚቃም ሆነ ደዌ በእኛ አገር ከጥንት አብረው የተገፉ ናቸው። አዝማሪን ጠላ እየጠጣን ሰምተነው ልጃችንን አንድርለትም። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚዘፍኑት ካቆሙ ደዌው ይይዛቸዋል ተብሎ ነው፤ መርቀውን ሲሄዱ ግን በራችንን እንዘጋለን። እኔ "ዲጄ ሙያ አይደለም" ስል አዲስ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የአያቶቼን ንቀት በኮምፒውተር ላይ ነው የደገምኩት።

ማሽኑም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ቺካጎዎቹ በማሽን ሲሠሩ በነበረበት በዚያው ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ኃይሉ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ("የታክሲ ሹፌር ሁሉ አርቲስት ነው" ያልኩት ሰውዬ አፈርኩ።) ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ሰውየውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። እነ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ደግሞ "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ብለው የሰየሙትን ይዘው ወጡ፤ የሚካኤል "ያራዳ ልጅ" በ2014፣ "ዘላለም" በ2016 እ.ኤ.አ ውጭ አገር ታትመዋል። ያ "የማሽን ጩኸት" ያልኩት ሮፍናንም በ2014 ዓ.ም "ስድስት"ን ከዩኒቨርሳል ሙዚቃ ጋር አወጣ። እኔ ሙያ አይደለም ያልኩት ነገር ይሄ ሁሉ ነበር።

የኃይሉን ካሴት ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዘልዬ ተነሳሁ። ካሴቱ የተረፈው አንድ ሰው ሳይጥለው ስላስቀመጠው ነው። ፍላሹስ? ፎርማት የተደረገ ነገር ሁሉ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት መመለስ ይቻላል። ይሄን ራሴ ነኝ የማስተምረው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ መሳቢያዬን ገለበጥኩት። ፍላሹ አለ! ጥቁር፣ ክዳኑ የጠፋ። ሪከቨሪ ሶፍትዌር ጭኜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። አርባ ምናምን ፋይል አወጣ። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው።

የ11ኛ ክፍል ሚድ። የ10ኛ ክፍል ፋይናል። የውጤት ሮስተር። የጥያቄ መልስ።

ለካ ከልጁ ከቀማሁት በኋላ ለሦስት ዓመት ፈተና ስመላለስበት ኖሬ ነው። በእማማ ጭብጨባ ላይ "ትክክለኛውን መልስ ምረጡ" ጽፌበታለሁ።

ደውዬ ነገርኩት። ሳልደባብቅ፣ ሳላሳምር። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ፈልገዋል ግን" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "እሺ ቲቸር" አለ። ይቅር አለኝ አላለኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም። እዚህ የምጽፈውም ላይክ እንድትሰጡኝ አይደለም። ያዋረድኩት በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን ስላለበት ነው። ወንድሜ፣ ይቅርታ። ሙያ ነው። ያኔም ሙያ ነበር።

ፍላሹን መለስኩለት። ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔን ቤቱ ወስጄለታለሁ፤ የእሱ አሮጌ ነው፣ ከባድ ፕሮጀክት አይችልም። የአያቱ ጎረቤት የነበሩ አንዲት እናት አሉ፤ "እኔም እኮ አብሬያት አጨበጭብ ነበር" ብለውታል። ሊቀዳቸው ነው። ስለ እማማ ጭብጨባ የሚያስታውሰውን ሁሉ እየነገራቸው እሳቸው ይሞክራሉ። እንደ እማማ አይሆንም፤ እሱም ያውቃል።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። ተማሪው ስክሪኑን ሲሸፍን፣ ከመንቀላችሁ በፊት "እስቲ አሰማኝ" በሉት። ሁለት ደቂቃ ነው።

የዘነበወርቅ ልጆች ደግሞ፣ አያት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። ሲዘፍኑ፣ ሲመርቁ፣ ሲያጨበጭቡ። ከቀዳችሁ በኋላ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱን ስልካችሁ ላይ፣ አንዱን ለምታምኑት ሰው ላኩ። ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። የአይሲቲ መምህራችሁ ነው የሚነግራችሁ።

ሰናይ ምሽት።